ንጉሥ ሚካኤልና የ1909 ዓ.ም ጥቅምት

የመጽሔታችን አዘጋጆች ለዚህ ዓመት እትም ከቀደሙት ታላላቅ ሰዎች የአንዱን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፥ በመጀመሪያ ወደ ሐሳቤ የመጡት ከባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች ነበሩ። እኔ በኮምቦልቻ የማስተምረው ትምህርት ስለ መንግሥት አሠራር ስለ ሆነ፥ ዜጎች፥ የፖለቲካ ፓርቲዎች፥ ምርጫና የጥቅም ቡድኖች መንግሥትን በምን መንገድ እንደሚመሩት ለማስረዳት የአሜሪካን አገር ምሳሌ ማድረግ ለምጄአለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስለ አሜሪካ ምርጫ አስረድቼ ሰሌዳውን ሳጠፋ፥ ከኋላ ወንበር ከሚቀመጡት ልጆች አንደኛዋ እጅዋን አነሣችና፥ በእኛ አገር ንጉሥ ሲነግሥና ንጉሥ ሲሻር የሚጠየቀው ማን እንደ ነበር፥ የወሎ ሰውስ ተጠይቆ ያውቅ እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ አጭር ነበር፤ መልሱ ግን ያን ዕለት አልተገኘልኝም።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው የራሴ የተማሪነት ዘመን ትዝ አለኝ። በተማርኩበት ትምህርት ቤት የክፍል አለቃ የሚሾመው ሰኞ ጠዋት ስሙ ሲነበብ ነበር። ማን እንደ መከረበት አናውቅም። የተሾመው ልጅ ጥሩ ልጅ ነበር፤ እኔም በእርሱ ላይ ቅሬታ አልነበረኝም። ነገር ግን ከኋላ የምንቀመጠው ልጆች አንድም ጊዜ ሳንጠየቅ መቅረታችን እስከ ዛሬ ድረስ አልረሳሁትም። ስለዚህ የልጅቱን ጥያቄ በቀላሉ ላልፈው አልፈለግሁም። በማግሥቱ ቅዳሜ ጥቂት ተማሪዎችን ይዤ በአውቶቡስ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወጥተን ደሴ ገባን፤ ወደ አይጠየፍ አዳራሽም አመራን። የምጽፈው ታሪክ የማን እንደሚሆን የወሰንኩት እዚያ ቆሜ ነው።

አይጠየፍ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። የስሙ ትርጓሜ ግልጽ ነው፤ ማንንም የማይጠየፍ፥ መጤውንም ነባሩንም፥ ባለጠጋውንም ችግረኛውንም አስገብቶ የሚያበላ ማለት ነው። በዚያን ዘመን ግብር እንዲሁ መብል ብቻ አልነበረም። በአዳራሹ ውስጥ ሰው እንደየማዕርጉ ሲቀመጥ፥ ገዥው ማን እንደ መጣና ማን እንደ ቀረ ያያል፤ ባላባቱም ከገዥው ፊት ቅሬታውን የሚያሰማበትን ጊዜ ያገኛል። ፓርላማ ባልነበረበት አገር ለሸንጎ የሚቀርበው ነገር ይህ ነበር ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም፤ ምንም እንኳ የሚበላ ሰው ሁሉ የሚሰማ ሰው ባይሆንም።

ንጉሥ ሚካኤል የተወለዱት በ1840ዎቹ መጀመሪያ በወሎ ሲሆን፥ የመጀመሪያ ስማቸው መሐመድ ዐሊ ነበር። አባታቸው ኢማም ዐሊ አባ ቡላ፥ ወረ ሂመኖን ሲገዛ ከኖረው የእስላም ባላባቶች ቤተሰብ ነበሩ። ወጣቱ መሐመድ ዐሊ ባደጉበት ዘመን ወሎ በአንድ ገዥ እጅ ያልጸና፥ ከሰሜን የትግሬው፥ ከደቡብ የሸዋው ኃይል የሚሻሙት አገር ነበር። እዚያ የሚገዛ ሰው ጦር ማወቅ ብቻ ሳይሆን፥ የትኛው ጎረቤት መቼ እንደሚበረታ አስቀድሞ መገመት ነበረበት። እርሳቸውም ይህን ገና በልጅነታቸው የተማሩት ይመስላል።

በ1870 ዓ.ም የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ለአፄ ዮሐንስ ከገበሩ በኋላ፥ ሁለቱ ነገሥታት ከደሴ በስተሰሜን ቅርብ በሆነው በቦሩ ሜዳ ተገናኙ። በዚያም ጉባኤ የቤተ ክርስቲያኑ የሃይማኖት ክርክር ከተቈረጠ በኋላ፥ የወሎ እስላም ባላባቶች ክርስትና እንዲነሡ ታዘዘ። መሐመድ ዐሊ ተጠመቁ፤ አፄ ዮሐንስ የክርስትና አባት ሆኗቸው፤ ስማቸውም ሚካኤል፥ ማዕርጋቸውም ራስ ሆነ። ተቀናቃኛቸው የነበሩት አመዴ ሊበንም ኃይለ ማርያም ተብለው ምኒልክ ክርስትና አነሷቸው። ባላባቶቹ ሃይማኖታቸውን ሲለውጡ ሥልጣናቸው ጸናላቸው። ተራው ሕዝብ ግን ወይ መጠመቅ፥ ወይ መሰደድ፥ ወይ ጦር ማንሣት ግድ ሆነበት፤ ከዚህም የተነሣ በወሎ ብዙ ደም ፈሰሰ። ይህን የማነሣው ራስ ሚካኤልን ለመውቀስ አይደለም። ሆኖም ኋላ ሳይጠየቁ ቀሩ ብዬ የምጽፍላቸው ሰው፥ እርሳቸውም በጊዜያቸው ሕዝባቸውን አልጠየቁም ነበርና፥ ይህን ሸሽጌ ባልፍ ታሪኩ ሙሉ አይሆንም።

ራስ ሚካኤል ከዚያ በኋላ ዐሥራ አንድ ዓመት ያህል አፄ ዮሐንስን አገለገሉ። አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም መተማ ላይ በወደቁ ጊዜ ለምኒልክ ገቡ፤ የምኒልክንም ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አገቡ። በ1888 ዓ.ም ለዐድዋ ዘመቻ ክተት በታወጀ ጊዜ የጦሩ መሰብሰቢያ እንዲሆን ከተቀጠሩት ስፍራዎች ዋናው የእኛው ወረ ኢሉ እንደ ነበር ተማሪዎች ሁሉ ሊያውቁት ይገባል። ራስ ሚካኤልም የወሎን ፈረሰኛ ይዘው በአምባላጌም በዐድዋም ተዋግተዋል። መቀመጫቸው አስቀድሞ ተንታ ነበር፤ በኋላ ግን ደሴን ዋና ከተማ አደረጉ። ዛሬ በጦሳ ተራራ ሥር የምናያት ከተማ ከሠፈርነት ወደ ከተማነት የተለወጠችው በእርሳቸው ዘመን ነው።

ከወይዘሮ ሸዋረጋ የተወለዱት ልጅ ኢያሱ ለአፄ ምኒልክ የልጅ ልጅ ስለ ሆኑ፥ ምኒልክ በታመሙ ጊዜ በ1901 ዓ.ም አልጋ ወራሽ እንዲሆኑ ተነገረ። ኢያሱ ገና ልጅ ስለ ነበሩ ራስ ተሰማ ናደው እንደራሴ ሆኑላቸው። እነሆ ከዚህ ጀምሮ የራስ ሚካኤል ታሪክ የአንድ አገረ ገዥ ታሪክ መሆኑ ይቀርና፥ በአዲስ አበባ መንግሥትን የሚሠሩትና የሚያፈርሱት ወገኖች ታሪክ ይሆናል።

እነዚህ ወገኖች እነማን ነበሩ? ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የድምፅ መስጫ ሣጥንም አልነበረም። ይሁን እንጂ መንግሥት በአንድ ሰው ፈቃድ ብቻ ይሄድ ነበር ብሎ የሚያስብ ተማሪ ካለ ተሳስቷል። በዚህ ረገድ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ መሐል ሰፋሪ የተባለው ወታደር ነው። መሐል ሰፋሪ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ የሠፈረ፥ ከመንግሥት ጎተራ ቀለብ የሚሰፈርለት ጦር ነበር። መኳንንቱ ሲጣሉ ሚዛኑ የሚያዘነብለው ይህ ጦር ወደ ቆመበት ነው። በ1902 ዓ.ም እቴጌ ጣይቱ ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን አንሥተው ባላቸውን እንዲያስታምሙ የተደረገው፥ የሸዋ መኳንንትና ይህ ጦር አንድ ሆነው በመቆማቸው ነበር። በ1910 ዓ.ም ደግሞ ይኸው ጦር ተሰብስቦ ሚኒስትሮቹ እንዲሻሩ ጠየቀ፤ ከጦር ሚኒስትሩ ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በቀር ሌሎቹ ወረዱ። ዛሬ በትምህርት ክፍል የጥቅም ቡድን እያልን የምንጠራው ይህንን የመሰለውን ነው፤ የተሰበሰበ፥ የሚፈልገውን የሚያውቅ፥ ከሥልጣኑም ወንበር አጠገብ የሚገኝ። የደሴ ገበሬ ከነዚህ ከሦስቱ አንዱም አልነበረውም።

አፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም ካረፉ በኋላ፥ ልጅ ኢያሱ ዘውድ ሳይጭኑ መግዛት ጀመሩ። በዚያው ዓመት ግንቦት 23 ቀን አባታቸውን የወሎና የትግሬ ንጉሥ ብለው በደሴ አነገሡአቸው። የበጌምድርና የጎጃም ገዦችም ከእርሳቸው በታች እንዲሆኑ ተደረገ። የኢማሙ ልጅ በተወለዱ በ60 ዓመታቸው ገደማ ንጉሥ ተባሉ ማለት ነው። ደሴ በዚያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ቀጥላ የምትታይ ከተማ ለመሆን ተቃርባ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ጣጣው የተጀመረው በዚሁ የደስታ ቀን ነው። የሸዋ መኳንንት ልጅ ኢያሱን የተቀበሉት የምኒልክ የልጅ ልጅ ናቸው ብለው እንጂ የሚካኤል ልጅ ናቸው ብለው አልነበረምና፥ የሥልጣኑ ክብደት ወደ ሰሜን ሲያዘነብል ባዩ ጊዜ ልባቸው ሻከረ።

የልጅ ኢያሱን አገዛዝ በዝርዝር ለመተረክ ይህ ጽሑፍ አይበቃም። ከዋና ከተማው እየራቁ በየአገሩ መዘዋወር ያዘወትሩ ነበር፤ የአያታቸውን ሹማምንት ትተው አዳዲስ ሰዎችን ያቀርቡ ነበር፤ ከእስላሞች ባላባቶችም ጋር በጋብቻና በወዳጅነት ይተሳሰሩ ነበር። በነሐሴ 1908 ዓ.ም ደጃዝማች ተፈሪን ከሐረር ግዛት አንሥተው ወደ ከፋ እንዲዛወሩ አዘዙ። ይህ ሁሉ በመኳንንቱ ዘንድ ቅሬታ አከማቸ። በዚያ ላይ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነበርና፥ የእንግሊዝ፥ የፈረንሳይና የኢጣልያ ሌጋሲዮኖች ልጅ ኢያሱ ወደ ቱርክና ወደ ጀርመን ወገን አዘነበሉ ብለው ፈሩ። በ1909 ዓ.ም መስከረም መባቻ ላይ ሦስቱ ሌጋሲዮኖች በአንድነት ሆነው አቤቱታቸውን በጽሑፍ አቀረቡ። የውጭ አገር መንግሥታት በሰው አገር ጉዳይ ውስጥ እንደ አንድ የጥቅም ቡድን መግባታቸው ለእኛ የዛሬ አዲስ ነገር አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም፥ በመስቀል በዓል ዕለት፥ መኳንንቱ በቤተ መንግሥት ተሰበሰቡ። ልጅ ኢያሱ በሐረር ነበሩ። ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የሚል ክስ ተነበበባቸው። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ለጊዜው ካመነቱ በኋላ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱት። የምኒልክ ልጅ ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፥ ተፈሪ መኰንን ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። ነገሩ ሁሉ በአንድ ቀን ተፈጸመ።

ክሱ እውነት ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን የታሪክ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ኢማም የወለዳቸው ንጉሥ በሚገዙበት፥ በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ወንድም ወደ መስጊድ ሌላው ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚሄድበት በወሎ፥ ከእስላሞች ጋር በጋብቻ መተሳሰር ለክስ የሚበቃ ነገር ሆኖ ይታይ ነበርን? ክሱ በአዲስ አበባ ሳይሆን በደሴ ተነቦ ቢሆን ኖሮ ምን ይባል ነበር? ይህን ማንም አልጠየቀም። በዚያ ስብሰባ ላይ የወሎን ሐሳብ የሚናገር ውክልና ያለው ሰው አልነበረም። የወሎና የትግሬ ንጉሥ እንኳ የልጃቸውን መሻር የሰሙት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

ንጉሥ ሚካኤል ወሬው ደሴ በደረሰ ጊዜ ምን ማድረግ ይችሉ ነበር? ይህን ጥያቄ ለተማሪዎቼ በአዳራሹ ፊት አቀረብሁላቸው። አንዱ ዝም ቢሉ ይሻል ነበር አለ፤ ሌላው ሽማግሌ መላክ ነበረባቸው አለ። ለሦስተኛ ነገር አሳብ የሰጠ አልነበረም፤ እውነትም ሦስተኛ መንገድ አልነበረም። ይግባኝ የሚባልበት ፍርድ ቤት የለም፤ ጥቂት ዓመት ታግሠው የሚጠብቁት ምርጫ የለም፤ ተቃውሟቸውን የሚያሰሙበት ምክር ቤት የለም። ሩቅ ያለ ገዥ ከዋና ከተማው ሰዎች ጋር ካልተስማማ ያለው ድምፅ ጦር ብቻ ነበር። ስለዚህ ነጋሪት አስጎሰሙ።

ደግሞ ይህ ጦርነት የባዕድ ጦርነት አልነበረም። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ የወይዘሮ ስኂን ልጅ ወይዘሮ መነን፥ የራስ ተፈሪ ባለቤት ነበሩ። በደሴ ስመ ጥሩ የሆነው የወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት የተሰየመው በእኒሁ ልጃቸው ስም መሆኑን ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ ነገር ግን የወይዘሮዋ አባትና የልጃቸው ባል በአንድ የጦር ሜዳ ፊት ለፊት እንደ ቆሙ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ለወይዘሮ ስኂን ከሁለቱ ወገን ማናቸውም ቢያሸንፍ ኀዘን ነበር።

ጥቅምት 9 ቀን የወሎ ጦር በቶራ መስክ የራስ ልዑልሰገድን ጦር አጠፋው፤ ራስ ልዑልሰገድም ሞቱ። በዚያን ጊዜ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ክፍት ነበር ለማለት ይቻላል። ንጉሡ ግን ወዲያው አልገሠገሡም። ልጃቸው ከምሥራቅ በኩል መጥቶ ይቀላቀለኛል ብለው ሳይጠብቁ አልቀሩም። ኢያሱ ግን ሚኤሶ ላይ ተመትተው ወደ አፋር በረሓ ሸሽተው ነበር። ይህ የጥቂት ቀን መዘግየት ለሸዋ ጠቀመ፤ ከየአቅጣጫው ጦር ተጠራቀመ፥ መትረየስም ቀረበ። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ ባለው በሰገሌ ሜዳ፥ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም፥ ልጃቸው ከተሻሩ ልክ በ30ኛው ቀን፥ ሁለቱ ጦሮች ገጠሙ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የሸዋን ጦር መሩ። ውጊያው በአንድ ቀን አለቀ። በዐድዋ አብረው የተሰለፉ ሰዎችና ልጆቻቸው በዚያ ሜዳ እርስ በርሳቸው በብዙ ሺህ ተላለቁ። ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ።

እዚህ ላይ ውድ አንባብያን ጥቂት እንዲታገሡኝ እለምናለሁ፤ ወደ አሜሪካ ልወስዳቸው ነውና። ሁልጊዜ የማስተምረው የአሜሪካ ምርጫና ይህ የሰገሌ ነገር በአንድ ወር ውስጥ የተፈጸሙ መሆናቸውን የተገነዘብሁት ቀኖቹን ስቈጥር ነው። ጥቅምት 28 ቀን 1909 ዓ.ም፥ ማለት በሰገሌ በ11ኛው ቀን፥ የአሜሪካ ሕዝብ ፕሬዚዳንቱን ለመምረጥ ወጣ። የዲሞክራቲክ ፓርቲው ዉድሮው ዊልሰንና የሪፑብሊካን ፓርቲው ቻርልስ ኢቫንስ ሂዩዝ ነበሩ የሚወዳደሩት። በዚያም አገር የጥቅም ቡድኖች ሥራቸውን ይሠሩ ነበር። 400 ሺህ ያህል የባቡር ሠራተኞች ሥራ እናቆማለን ብለው ስላስፈራሩ፥ ምክር ቤቱ በነሐሴ 1908 ዓ.ም መጨረሻ የሥራ ቀናቸው 8 ሰዓት እንዲሆን ሕግ አወጣላቸው፤ ይህም ሕግ በምርጫው ክርክር ላይ ትልቅ ነገር ሆነ።

ሂዩዝ የተሸነፉበት ምክንያት ደግሞ የእኛን አገር ሽማግሌዎች የሚያስገርም አይሆንም። የካሊፎርኒያው ገዥ ሃይራም ጆንሰን ከሂዩዝ ጋር አንድ ፓርቲ ይሁኑ እንጂ ቀደም ሲል ከፓርቲው ተለይተው የነበሩ ሰው ናቸው። በነሐሴ ወር ሁለቱ ሰዎች በሎንግ ቢች ከተማ በአንድ ሆቴል ውስጥ እያሉ ሂዩዝ ሳይጎበኙአቸው ሄዱ። የአክብሮት ነገር ነው። በምርጫው ቀን ጆንሰን ለሕግ መወሰኛ ምክር ቤት በብዙ ድምፅ ሲያሸንፉ፥ ሂዩዝ ግን በዚያው ክፍለ አገር ከ4 ሺህ ባነሰ ድምፅ ተሸነፉ። የካሊፎርኒያም 13 የመራጭ ወኪሎች ድምፅ ለዊልሰን ሆነና 277 ለ254 አለፉ። በመጀመሪያው ሌሊት በኒው ዮርክ ያሉ ጋዜጦች ሂዩዝ ተመረጡ ብለው ጽፈው ነበር። ሂዩዝ ቈጠራው እስኪጣራ ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቀው የደስታ መግለጫ ቴሌግራም ለዊልሰን ላኩ፤ ከዚያም ወደ ጥብቅና ሥራቸው ተመለሱ። ጥቂት ዓመታት ቆይተው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፥ ኋላም የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ይህን ስል የዚያን አገር ነገር ሁሉ ቅዱስ ለማድረግ አይደለም። በዚያን ቀን በደቡብ ክፍለ አገሮች የሚኖረው ጥቁር ሕዝብ በድምፅ ግብርና በማንበብ ፈተና እያመካኙ ከምርጫ ይከለክሉት ነበር፤ በአብዛኛው ክፍለ አገርም ሴቶች ገና አይመርጡም ነበር። ያልተጠየቀ ሰው እዚያም ብዙ ነበር። ነገር ግን የተሸነፈው ሰው ምን ደረሰበት ብሎ ለሚጠይቅ፥ ልዩነቱን ለማየት ከሰገሌ በኋላ በአዲስ አበባ የሆነውን መመልከት ይበቃል።

የድሉ ሰልፍ በጃን ሜዳ በንግሥት ዘውዲቱ ፊት በተደረገ ጊዜ፥ ንጉሥ ሚካኤል ጥቁር ካባ ለብሰው፥ ራሳቸውን በጨርቅ ጠምጥመው፥ በሰንሰለት ታስረው በእግራቸው አለፉ። የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሹም ልጅ የነበረው፥ ኋላ በአሳሽነቱ ስሙ የታወቀው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ያን ጊዜ የ6 ዓመት ሕፃን ነበር፤ ያን ሽማግሌ ንጉሥ ሲያልፉ ያየበትን ቀን እስኪያረጅ ድረስ አልረሳውም፥ በሕይወት ታሪኩም ውስጥ ጽፎታል። ከዐድዋ ድል 20 ዓመት አልፎ ጥቂት ወር መሆኑ ነበር። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ከነበሩት ሰዎች ብዙዎቹ ንጉሡን በዐድዋ ያውቋቸው ነበር።

ከዚያም ንጉሡ በመጀመሪያ በሐይቅ ውስጥ ባለች ደሴት ታሰሩ፤ ኋላም ወደ ሆለታ ተዛወሩ። የልጃቸውን መያዝ አላዩም። ልጅ ኢያሱ በአፋርና በወሎ ሲንከራተቱ ቆይተው በ1913 ዓ.ም ተይዘዋል፤ የሞቱትም በእስር ቤት በ1928 ዓ.ም ነው። ንጉሥ ሚካኤል በ1910 ዓ.ም መጨረሻ በጳጉሜን ወር በሆለታ እንደ ታሰሩ ዐረፉ።

ወሎም ከጌታዋ ጋር ተሸነፈች። ንግሥና ከደሴ ቀረ፤ ከአዲስ አበባ የሚሾሙ ገዦች ተፈራረቁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ወሎ ለአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ተሰጠች። እኒህ አልጋ ወራሽ የእቴጌ መነን ልጅ፥ የወይዘሮ ስኂን የልጅ ልጅ፥ የንጉሥ ሚካኤልም የልጅ ልጅ ልጅ ናቸው። የዘር ሐረጉ ስለ ተመለሰ ብዙ ሽማግሌዎች ደስ ብሏቸው ነበር ይባላል። እኔ ግን ይህን በማስተምርበት ጊዜ፥ አገሪቱ የተሰጠችው እንደ ቀድሞው ሳትጠየቅ እንደ ነበር መናገሬ አይቀርም።

ልጅቱ ያቀረበችው ጥያቄ ግን ገና ነበር። ስንመለስ በአውቶቡሱ ውስጥ ከአጠገቤ ተቀምጣ፥ ታዲያ የወሎ ሰው መቼ ተጠየቀ ብላ ደገመችብኝ። የማውቀውን ነገርኋት። በሐምሌ 1923 ዓ.ም የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሲወጣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተቋቋመ፤ ነገር ግን ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ እንደራሴዎቹን መኳንንቱና የአገር ሹማምንት እንዲመርጡ ተወሰነ። በ1948 ዓ.ም ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለና፥ በ1949 ዓ.ም በመላው አገር ወንዱም ሴቱም የሕዝብ እንደራሴዎችን በቀጥታ እንዲመርጥ ሆነ። የፖለቲካ ፓርቲ አልተፈቀደም ነበር፤ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ለብቻው ቆመ፥ ንብረት የሌለውም ሰው መወዳደር አይችልም ነበር፤ የሕግ መወሰኛውን ምክር ቤት አባሎች ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ይሾሟቸው ነበር። ቢሆንም የደሴም፥ የኮምቦልቻም፥ የወረ ሂመኖም ሰው ማንን ትፈልጋለህ ተብሎ በሕግ የተጠየቀው ያን ጊዜ ነበር።

ልጅቱ ከሰገሌ ስንት ዓመት እንደ ሆነ በጣቷ ቈጠረች። 40 ዓመት ነበር። በ20 ዓመቱ ከንጉሥ ሚካኤል ጋር የዘመተ የወሎ ገበሬ ከመትረየሱ ተርፎ በሕይወት ቢቆይ፥ ድምፁን ለመስጠት የወጣው በ60 ዓመቱ ነው።